ድርጎ ወይስ ደሞዝ? የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት፣ ገንዘቡና ፍትሑ

(ልጆቻቸው በስፖርት ወደ ኮሌጅ ለሚገቡ ወላጆች በሰሜን ቨርጂኒያ የቀረበ ንግግር። ለጽሑፍ ሲዘጋጅ ጥቂት ተስተካክሏል። ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አባት ፖስታ ይዘው መጡ። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዱ አድረው ነበር፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ልጃቸው ሯጭ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጣለትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ "አንተ እዚያ ቤት ሠርተሃል፤ እስኪ ንገረኝ፣ ይሄ ደሞዝ ነው ስጦታ?" አሉኝ።

እኔ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል አትሌቶችን ሒሳብ አስጠንቻለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት ብዙ አይቻለሁ፤ በዚህ መልክ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ስጦታ ነው እንዳልል፣ ልጁ በየቀኑ ሳይነጋ ተነሥቶ ይሮጣል። ደሞዝ ነው እንዳልል፣ ወረቀቱ ላይ ደሞዝ የሚል ቃል የለም፤ እንዲኖርም አልተፈለገም። ቤቴ ገብቼ ሳወጣ ሳወርድ ነው ቃሉ የመጣልኝ። ድርጎ ነው።

በዕድሜ የገፋችሁ ታውቁታላችሁ። በመኳንንቱ ቤት ለእንግዳው፣ ለአሽከሩ፣ ለወታደሩ የሚቆረጥለት እህልና ሥጋ፣ ማርና ቅቤ ነው። ድርጎ ያለው ሰው አይራብም፤ ጠግቦም ያድር ይሆናል። ነገር ግን መጠኑን የሚወስነው ሰጪው ነው፤ የሚቋረጥበትንም ቀን የሚወስነው ሰጪው ነው። ድርጎኛ ደጅ ይጠናል እንጂ አይደራደርም። ደሞዝ ግን ውል አለው፤ ቢቀር የሚጠየቅበት ዳኛ አለው። ይህ አገር ደሞዝ የሚገባውን ሥራ ለብዙ አሥርት ዓመታት በድርጎ አሠርቷል። አሁን ድርጎው ለጥቂቶች ወደ ደሞዝ እየተለወጠ ነው። የእኛ ልጆች ከየትኛው ወገን እንደሚወድቁ ማወቅ አለብን፤ ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ስለ ምን ያህል ገንዘብ እንደምናወራ ላስቀድም። በየመጋቢቱ የሚደረገውን የወንዶች የቅርጫት ኳስ ውድድር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ልጆቻችሁ ክፍል ውስጥ ስልካቸውን ደብቀው የሚያዩት ነው። የኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ በ2016 የዚያን ውድድር የቴሌቪዥን ውል እስከ 2032 ሲያራዝም፣ ለተጨመሩት ስምንት ዓመታት የተስማማበት ዋጋ 8.8 ቢሊዮን ዶላር ነው። ቢግ ቴን የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ ደግሞ በ2022 ከሦስት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጋር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተዋዋለ። በ2023 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል (የእኛው እግር ኳስ ሳይሆን የአሜሪካኖቹ) አሠልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት፣ ውሉ ስለሚያስገድድ ወደ 76 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍለው ተገደደ። ይህን ያህል ገንዘብ የተከፈለው እንዲያሠለጥን ሳይሆን ማሠልጠኑን እንዲያቆም ነው። ሜዳው ላይ ጭንቅላቱን ሲያጋጭ የሚውለው የ19 ዓመት ልጅ ግን ከዩኒቨርሲቲው እጅ እንዲቀበል የተፈቀደለት የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ መጽሐፍና ከትምህርት ጋር የተያያዘ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ነበር።

ይህን ስል ዩኒቨርሲቲዎቹ ሁሉ በገንዘብ ይዋኛሉ ማለቴ አይደለም። አብዛኛው የስፖርት ክፍል ከሚያስገባው የሚያወጣው ይበልጣል፤ ጉድለቱም ከተማሪው ክፍያና ከዩኒቨርሲቲው ካዝና ይሞላል። ብሩን የሚያመጡት በዋናነት ሁለት ስፖርቶች ናቸው፦ ፉትቦልና የወንዶች ቅርጫት ኳስ። የዋናተኛውን፣ የሯጩን፣ የጂምናስቲክ ሠሪውን ወጪ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው "ድሮ ንጹሕ ነበር፣ ገንዘብ የገባው አሁን ነው" ይላል። አይደለም። በዚህ አገር በኮሌጆች መካከል የተደረገው የመጀመሪያው ውድድር በ1852 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ በዊኒፐሶኪ ሐይቅ ላይ ሃርቫርድና ዬል በጀልባ ቀዘፋ የተጋጠሙበት ነው። የተማሪዎቹን ወጪ የቻለው የባቡር ኩባንያ ነበር፤ የሚፈልገውም ወደ ሐይቁ የሚጓዝ ተሳፋሪ ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀዛፊው ይቀዝፋል፣ ትኬቱን ሌላው ይሸጣል። ከዚያ ፉትቦል መጣ፤ ልጆች ሜዳ ላይ መሞት ጀመሩ። በ1905 የሞቱት ቁጥር አገር ሲያስደነግጥ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የትልልቆቹን ኮሌጆች ሰዎች ዋይት ሐውስ ድረስ ጠራቸው። በማግስቱ ዓመት የተመሠረተው ማኅበር ነው በ1910 ኤንሲኤኤ የሚለውን ስም የያዘው። እንግዲህ ማኅበሩ የተወለደው የልጆችን ሕይወት ለመጠበቅ ነው። ወደ ምን እንደተለወጠ ለማየት ወደ ኮሎራዶ እንሂድ።

በ1955 መጸው ሬይ ዴኒሰን የሚባል ወጣት ለፎርት ልዊስ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ፉትቦል ሲጫወት ጭንቅላቱን ተመታና ሞተ። ባለትዳርና የልጆች አባት ነበር። ሚስቱ ለግዛቱ የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ አመለከተች። ጥያቄዋ ግልጽ ነው፦ ባሌ ለኮሌጁ ሲጫወት ሞተ፤ ኮሌጁም ለመጫወቱ ይሰጠው የነበረ ነገር አለ፤ ታዲያ ሠራተኛ አልነበረም? ጉዳዩ እስከ ኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1957 ፍርድ ቤቱ ኮሌጁ የፉትቦል ንግድ ውስጥ አይደለም፣ ሟቹም የፉትቦል ተቀጣሪ አልነበረም ብሎ ወሰነ። ሴትዮዋ ካሣ አላገኘችም።

በዚያው ዘመን ኤንሲኤኤን የሚመራው ዋልተር ባየርስ ነበር፤ ከ1951 እስከ 1987 በቦታው ተቀምጧል። ስኮላርሺፕ ያለው ተጫዋች ሠራተኛ ነው የሚል ፍርድ እንዳይመጣ እሱና ጠበቆቹ አንድ ስም ፈጠሩ፦ "ተማሪ አትሌት"። ዛሬ በየጋዜጣው፣ በየመግለጫው፣ በልጆቻችሁ ወረቀት ላይ የምታዩት ቃል ነው። ደግ ቃል ይመስላል፤ ትምህርትን ያስቀደመ ይመስላል። የተወለደው ግን የባሏ የሞተባት ሴት ካሣ እንዳትጠይቅ ነው። ይህን ጠላት ያወራው አይደለም፤ ባየርስ ራሱ ከሥራ ከወጣ በኋላ በ1995 ጽፎታል። የመሠረተውን ሥርዓት አስተሳሰብም ከባሪያ እርሻ ጌቶች አስተሳሰብ ጋር አመሳሰለው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ቤቱን የሠራ ሰው ሲወጣ እንዲህ ካለ፣ ቤቱ ውስጥ ያለነው ልንሰማው ይገባል።

ቃሉ ሥራውን ሠርቷል። ኬንት ዋልድሬፕ የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ነበር። በ1974 ከአላባማ ጋር ሲጫወት አንገቱ ተሰብሮ ሰውነቱ ሽባ ሆነ። ዓመታት ቆይቶ የሠራተኛ ካሣ ሲጠይቅ፣ በ2000 የቴክሳስ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሠራተኛ አልነበርክም አለው። ሃያ ስድስት ዓመት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቆይቶ ያገኘው መልስ ይሄ ነው።

በ1973 ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ፤ ለእኛ ወላጆች ከሁሉ የሚበልጠው ምናልባት ይሄ ነው። እስከዚያ ስኮላርሺፕ ለአራት ዓመት ሊሰጥ ይችል ነበር። ኤንሲኤኤ ለአንድ ዓመት ብቻ፣ በየዓመቱ የሚታደስ አደረገው። የሚያድሰው ማነው? አሠልጣኙ። ድርጎ ያልኩት ለዚህ ነው። በ2013 አካባቢ የማስጠናት አንዲት ሯጭ ነበረች፤ የቅልጥሟ አጥንት ተሰነጠቀ። በሒሳብ ጎበዝ ነበረች፤ ሐኪሙ እረፊ ቢላትም ወረቀቱ እንዳይቀርባት ፈርታ በስንጥቁ ላይ ሮጠች። በበጋው ወረቀቱ አልታደሰም። ደብተሯን ሰብስባ ልትሰናበተኝ ስትመጣ ያለቀሰችው ስለ ሩጫው አልነበረም፤ የጀመረችውን ትምህርት የምትጨርስበት ገንዘብ ስላልነበራት ነው። በ2012 ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ ስኮላርሺፕ መስጠት እንደገና ተፈቅዷል፤ በ2015 አምስቱ ትልልቅ ሊጎች በስፖርት ብቃት ምክንያት ስኮላርሺፕ እንዳይነጠቅ ወስነዋል። ግን ሁሉም ትምህርት ቤት እዚያ ውስጥ አይደለም። ልጃችሁ የተጻፈለትን ቃል በቃል አንብቡ።

"ዋጋቸው ትምህርቱ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?" የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር አልንቀውም። ከቤተሰቡ የመጀመሪያው ባለዲግሪ የሆነ ልጅ ጋውን ለብሶ ሲወጣ፣ እናቱ እልል ስትል ቆሜ አይቻለሁ። በዚህ አገር የኮሌጅ ዋጋ ምን እንደሆነም ሁላችን በየወሩ እናውቀዋለን። ግን ትምህርቱ ዋጋ ከሆነ ዋጋው ሙሉ ሊሆን ይገባል። ደንቡ አትሌት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ አይሥራ ይላል። ጥሩ ነው። ነገር ግን በደንቡ የውድድር ቀን ሙሉ ቀን ቢፈጅም በሦስት ሰዓት ይቆጠራል፤ የአውቶቡስና የአውሮፕላን ጉዞው አይቆጠርም። በ2014 የፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ የክልል ኃላፊ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ተጫዋቾችን ጊዜ ሲመረምር፣ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ40 እስከ 50 ሰዓት ለኳሱ እንደሚሰጡ አገኘ። ይሄ የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው። እኔ የማስጠናቸው ልጆች ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጉልበታቸው ላይ በረዶ አስረው ነበር የሚመጡት፤ አንዳንዱ እርሳሱን እንደያዘ እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቻፕል ሂል ላይ የተገኘው ደግሞ ይብሳል። ወደ 18 ዓመት ገደማ መምህር የማያስተምራቸው፣ አንድ ወረቀት ጽፎ በማስገባት ብቻ ጥሩ ነጥብ የሚገኝባቸው ኮርሶች ነበሩ። በ2014 የወጣው የምርመራ ዘገባ ከ3,100 በላይ ተማሪዎች እንዳለፉባቸው፣ ወደ ግማሽ የሚጠጉትም አትሌቶች እንደነበሩ ገለጸ። ኤንሲኤኤ በ2017 ጉዳዩን ዘጋው፤ ኮርሶቹ ለሌላም ተማሪ ክፍት ስለነበሩ ሊቀጣ እንደማይችል አስታወቀ። ትምህርቱ ነው ደሞዛቸው እየተባለ ትምህርቱም ሐሰተኛ ሲሆን፣ ለልጁ ምን ቀረለት?

አሁን ወደ ሩጫው ልምጣ። የእኛ ልጆች ሜዳ እሱ ነው።

ሔንሪ ሮኖን ታስታውሳላችሁ? ኬንያዊ ነው፤ በ2024 አረፈ። በ1978 የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ሬኮርዶችን ሰበረ፦ 5,000 ሜትር፣ 3,000 ሜትር መሰናክል፣ 10,000 ሜትርና 3,000 ሜትር። እንዲህ ያደረገ ሰው ዛሬ ቢገኝ የጫማ ኩባንያዎች ይሻሙበት ነበር። እርግጥ በዚያ ዘመን ሩጫ በዓለም ዙሪያ አማተር ይባል ስለነበር ጥፋቱን ኮሌጁ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። ነገር ግን ሌላው ዓለም ያን ደንብ ከጣለው በኋላ የአሜሪካ ኮሌጆች አርባ ዓመት ገደማ ይዘውት ቆዩ። ያሬድ ንጉሴ በኬንታኪ ሉዊቪል ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ልጃችን ነው። ለኖትር ዳም ሲሮጥ በ2019 የኮሌጆቹን የ1,500 ሜትር ሻምፒዮና አሸነፈ። ያን ቀን አንድ የሰፈር ምግብ ቤት ፎቶውን ለጥፎ አንድ መቶ ዶላር ቢሰጠው፣ ያሬድ የመሮጥ መብቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን በፎቶው ማስታወቂያ መሥራት ይችላል። ያሬድ በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ነሐስ አጥልቋል፤ ለእሱ ደህና ሆነ። ከእሱ ኋላ ዐሥረኛ የወጣው ልጅስ? ለዚያ ልጅ የኮሌጁ አራት ዓመታት ስሙ ገበያ የሚያወጣባቸው ብቸኛ ዓመታት ነበሩ፤ ያን ጊዜ ደግሞ መሸጥ ክልክል ነበር።

ግድግዳው እንዴት ፈረሰ? በአንድ ጊዜ አይደለም። ኤድ ኦባነን በ1995 የሎስ አንጀለሱን ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤን ለሻምፒዮንነት ያበቃ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። ከዓመታት በኋላ የወዳጁ ልጅ የቪዲዮ ጌም ሲጫወት ራሱን ስክሪኑ ላይ አየ፤ ቁመቱ፣ ቁጥሩ፣ ግራኝነቱ ሳይቀር እሱ ነው። ጌሙ ይሸጣል፤ እሱ ግን ሳንቲም አልደረሰውም። በ2009 ከሰሰ፤ በ2014 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ፈረዱለት። በዚያው 2014 የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሻባዝ ናፒየር ቡድኑን ለሻምፒዮንነት ባበቃበት ሰሞን፣ አንዳንድ ሌሊት ተርቦ እንደሚተኛ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ስታዲየም ሙሉ ሰው ትኬት ገዝቶ የሚያየው ልጅ ይራባል። በዚያው ሰሞን ኤንሲኤኤ ትምህርት ቤቶች ለአትሌቶች ያለ ገደብ ምግብ እንዲያቀርቡ ፈቀደ። የኖርዝዌስተርን ልጆች የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ያቀረቡትን ጥያቄ ግን የዋሽንግተኑ የሠራተኛ ጉዳይ ዋና ቦርድ በ2015 ጉዳዩን አላይም ብሎ ተወው።

ካሊፎርኒያ በ2019 አትሌቶች ከስማቸውና ከምስላቸው እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ ሌሎች ግዛቶች ተከተሏት። ሰኔ 21 ቀን 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልስተን በሚባል አትሌት ስም በሚታወቀው ክስ ዘጠኝ ለዜሮ በኤንሲኤኤ ላይ ፈረደ። ፍርዱ በቀጥታ የነካው ከትምህርት ጋር የተያያዙ ጥቅሞችን ብቻ ነው። ነገር ግን ዳኛ ብሬት ካቫኖ ለብቻቸው የጻፉት ሐሳብ አገሩን አነቃነቀ፦ በሌላ በየትኛውም የሥራ መስክ አሠሪዎች ተሰብስበው ለሠራተኛ ተገቢውን ዋጋ አንከፍልም ቢሉ ሕግ አይፈቅድላቸውም፤ ኤንሲኤኤም ከሕግ በላይ አይደለም። ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 1፣ አትሌቶች ስማቸውን፣ ምስላቸውንና ገጽታቸውን እንዲሸጡ ተፈቀደ። ልጆቻችሁ "ኤንአይኤል" የሚሉት ይሄ ነው።

ቀጥሎ የሃውስ ጉዳይ መጣ። ከሳሾቹ የአሪዞና ስቴቱ ዋናተኛ ግራንት ሃውስና የቅርጫት ኳስ ተጫዋቿ ሴዶና ፕሪንስ ናቸው። ሴዶናን ታውቋት ይሆናል። በ2021 ውድድር የወንዶቹ ቡድኖች ኢንዲያናፖሊስ ላይ አዳራሽ የሚያህል የክብደት ማንሻ ክፍል ሲሰጣቸው፣ ለሴቶቹ ሳን አንቶንዮ ላይ የተሰጣቸውን አንዲት መደርደሪያ ደምቤል በስልኳ ቀርጻ ለዓለም ያሳየችው እሷ ናት። ሰኔ 6 ቀን 2025 ያችው ዳኛ ዊልከን ስምምነቱን አጸደቁ። ከ2016 ወዲህ ለተጫወቱ ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር የኋላ ክፍያ በዐሥር ዓመት ይከፈላል። ከዚህ በኋላ ደግሞ ስምምነቱን የተቀበለ ትምህርት ቤት ለአትሌቶቹ በቀጥታ መክፈል ይችላል፤ ለ2025–26 የተቀመጠው ጣሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት ወደ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው።

እኔ በዚህ ቀን ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅም። ለሬይ ዴኒሰን ሚስት የተነፈገው ነገር በከፊልም ቢሆን ለሌሎች መጣ። ነገር ግን ማን ላይ እንደደረሰ እንይ። ከኋላ ክፍያው ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ለፉትቦልና ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የተመደበ ነው። ለዚህ ነው ስምንት ሴት አትሌቶች በቀናት ውስጥ ይግባኝ ያሉት። በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበል ትምህርት ቤት በፆታ አድልዎ እንዳይደረግ ያዛል። አንዱ ወገን "ገንዘቡን ያመጡት ወንዶቹ ናቸው፣ ገበያው የሰጠውን ይውሰዱ" ይላል። ሌላው "ለሃምሳ ዓመት ቴሌቪዥን ላይ ሳታወጧት፣ ጂም እንኳ ሳትሰጧት ገበያ የላትም ትላላችሁ?" ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ዘር ያልተዘራበትን ማሳ ምርት የለህም ብሎ መክሰስ ፍርድ አይሆንም።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን ላምጣው። ሯጩን የሚሸከመው የፉትቦሉ ገንዘብ ነበር። ያ ገንዘብ አሁን ለፉትቦል ተጫዋቹ በቀጥታ ሲከፈል፣ የሯጩ መቀነት ይጠብቃል። ከስምምነቱ በፊት ትልቁ ምድብ ውስጥ ያለ የወንዶች የሩጫና የሜዳ ተግባር ቡድን በጠቅላላ 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበረው። ያን ለሠላሳና ለአርባ ልጅ መከፋፈል ነው፤ አንዲት እንጀራ ለአንድ ማኅበር እንደመቁረስ። "ስኮላርሺፕ አገኘ" ብላችሁ የደገሳችሁለት ልጅ ሩቡን ብቻ አግኝቶ ይሆናል። በአዲሱ ስምምነት የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደብ ተነሥቷል፤ በምትኩ የቡድን አባላት ቁጥር ተገድቧል። ለአገር አቋራጭ 17፣ ለሩጫና ሜዳ ተግባር 45። ይሄ ለምርጦቹ ጥሩ ነው። ያለ ስኮላርሺፕ በራሳቸው እየከፈሉ ቡድን ውስጥ ለሚያድጉት፣ በሁለተኛ ዓመታቸው ለሚፈነዱት ግን በሩን ያጠብባል። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ ዘግይተው የሚበስሉ ናቸው። ከዚህ በፊትም ገንዘብ ሲጎድል መጀመሪያ የሚቆረጠው የትኛው እንደሆነ አይተናል፤ በ2020 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች የቤት ውስጥ ሩጫን ከጂምናስቲክና ከቴኒስ ጋር ዘጋ። ሚኒሶታ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች የሞሉባት ግዛት ናት።

አንዲት እናት፣ "የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ መጥቶ ይሮጣል፤ እሱስ?" ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ልጅ የሚሰናከልበት ቦታ ነው። ኤንሲኤኤ ፈቀደ ማለት የኢሚግሬሽን ሕግ ፈቀደ ማለት አይደለም። በኤፍ ዋን ቪዛ ያለ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ሥራ እንዲሠራ በጥብቅ የተገደበ ነው፤ ማስታወቂያ ላይ መቅረብ፣ በገንዘብ ጫማ ማስተዋወቅ እንደ ሥራ ሊቆጠርበት ይችላል። የፐርዱው ዛክ ኢዲ በ2023ም በ2024ም የአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ተብሏል፤ ካናዳዊ በመሆኑ ግን ጓደኞቹ የሚፈርሙትን ውል እንደነሱ መፈረም አልቻለም። የኬንታኪው ኮንጓዊ ኦስካር ሺብዌ ደግሞ ቡድኑ ባሃማስ ሲሄድ ነው ከአሜሪካ ምድር ውጭ ሆኖ የማስታወቂያ ሥራውን የሠራው። ለእነዚህ ባለዝና ተጫዋቾች ጠበቃ ነበራቸው። ለሯጩ ልጅ ማን አለው? ስለዚህ፣ እናቴ፣ አንድ ሰው ኢንስታግራም ላይ "ይህን ለጥፍ፣ ሁለት መቶ ዶላር እልክልሃለሁ" ቢለው፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር እንዳይነካው ንገሩልኝ። ሁለት መቶ ዶላሩ ቪዛውን ሊበላው ይችላል። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ልጅ ይህ ችግር የለበትም። አንድ ትራክ ላይ፣ በአንድ ማሊያ፣ ጎን ለጎን የሚሮጡ ሁለት አበሾች፣ አንዱ ስሙን መሸጥ ይችላል፣ ሌላው አይችልም። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ የፍትሕ ጥያቄ ይሄ ነው፤ በየጉባኤው ሲነሣ ግን አልሰማሁም።

ሌላም ነገር አለ። አሁን ልጆቻችሁን ውል አስፈርማለሁ የሚል ወኪል በየቦታው ይመጣል። ከ2024 ጀምሮ አትሌት የመማሪያ መስፈርቱን እስካሟላ ድረስ ትምህርት ቤት በቀያየረ ቁጥር ወዲያው መጫወት ይችላል፤ ያ መብት ነው፣ አሠልጣኙ እንደፈለገው ቡድን ሲቀይር የኖረውን ልጁም አገኘው። ግን በየዓመቱ ትምህርት ቤት የቀየረ ልጅ ያለፋቸው ኮርሶች ሁሉ አዲሱ ትምህርት ቤት ላይቆጠሩለት ይችላሉ። ሒሳብ ሳስጠና የነበርኩ ነኝና ይሄን ከልቤ ነው የምለው፦ የተላለፈው ክሬዲት ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ሳታዩ ልጃችሁ እንዲዛወር አትፍቀዱ። የተከፈለውም ገንዘብ ገቢ ነው፤ ግብር ይከፈልበታል። ሚያዝያ ላይ የሚደነግጡ ቤተሰቦች አይቻለሁ።

የዚያ አባት ወረቀት ምን ሆነ ያላችሁኝ አላችሁ። አብረን ተቀምጠን አነበብነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ "ለአንድ የትምህርት ዓመት" ይላል። ሙሉ ክፍያም አልነበረም፤ ማደሪያውን አይጨምርም። ለአሠልጣኙ ኢሜይል ጻፍን፤ አራት ነገር ብቻ ጠየቅን። ልጁ ቢጎዳ ወረቀቱ ይታደሳል ወይ? ሕክምናውን የሚከፍለው ማነው፣ ከቡድኑ ከወጣስ በኋላ? የአባላት ቁጥር ቢቀነስ ማን ይወጣል? በበጋው ዕረፍት ኮርስ ቢወስድ ይከፈልለታል ወይ? አባትየው መጀመሪያ ፈሩ። "ስጦታ የሰጠንን ሰው እንዲህ መጠየቅ ነውር አይሆንም?" አሉ። እኔም "አባቴ፣ ስጦታ ቢሆንማ ኖሮ ልጁን ሳይነጋ አያስነሡትም ነበር" አልኳቸው። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ለሁለቱ ጥያቄ እሺ፣ ለአንዱ አይቻልም፣ ለአንዱ ደግሞ እናየዋለን የሚል ነው። "እናየዋለን" ያሉትን በጽሑፍ እስኪመልሱ ጠበቅን፤ ከዚያ ፈረመ። አሁን ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ በዚህ በጋ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ አንድ ወቅት አልሮጠም፣ ወረቀቱ ግን ታድሷል።

ኮት ኪሳችሁ ውስጥ ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እዚያ በስተኋላ ካለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ፤ መነጽሬንም ይዣለሁ። የመፈረሚያ ቀኑ የደረሰበት ሰው ቅድሚያ ይኑረው።